«አጋች»፣ «ከልካይ» ወይስ «ገቺ»?

ጥያቄ፦ ጅማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ቆራጥ ኢንዛይሞቹን በራሱ ኢንሂቢተሮች (የኢንዛይምን ሥራ በሚይዙ ንጥረ ነገሮች) እንዴት እንደሚቆጣጠር ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ኢንሂቢተርን «አጋች» ልበለው፣ «ከልካይ» ወይስ «ገቺ»?

መልስ፦ መጀመሪያ «ቆራጥ»ን እናስተካክል። ቆራጥ የሚባለው ታጋይ ነው። ፕሮቲን የሚቆርጠው «ቆራጭ» ነው፣ ቲኬት ቆራጭ እንደምንለው። «ጠ» ወደ «ጭ»፣ «ተ» ወደ «ች»፣ «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል። ስለዚህ አገተ አጋች፣ ከለከለ ከልካይ፣ ገታ ደግሞ እንደ መቺና ፈቺ «ገቺ» ይሆናል። በእርባታው ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። ጣጣው ትርጉሙ ላይ ነው።

«አጋች» ዛሬ ሰው ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ይተዉት።

«ከልካይ» ዘሩ ሩቅ ነው። ግዕዙ ከልአ ይላል። በዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር «ኬሌ» እስር ቤት ነው፤ በጥንቱ አካድኛ «ካሉ» ይዞ ማስቀረት ነው። ይህን የሚያውቁ አንዳንዶች «እንግዲያው ከላኢ እንበል» ይላሉ። ቃሉ ያምራል፣ አልክድም። ግን ተማሪው «ምን አሉ ቲቸር?» ካለ ምኑን ተተረጎመ? ደግሞም ክልከላ ከሥራ በፊት ነው፤ መግታት በሥራ ላይ ያለውን መያዝ ነው።

ተውሳኩ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ይበላል። ከሚቆራርጡለት ዋና ዋና ኢንዛይሞች መካከል ፋልሲፔይን 2 እና 3 ይገኛሉ። ፋልሲፔይን መጀመሪያ ሲፈጠር ጫፉ ላይ ራሱን የሚገታ ቁራጭ ይዞ ይወጣል። የተውሳኩ አሲዳማ የምግብ ከረጢት ጋ ሲደርስ ቁራጩ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ኢንዛይሙም ሥራ ይጀምራል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋልስታቲን የተባለ ራሱን የቻለ ገቺ ፕሮቲን ይፋ ሆነ። ኢንዛይሙን አይገድለውም፤ የሚቆርጥበትን ቦታ ገብቶ ይይዝበታል። ተውሳኮቹ ሕዋሱን አፈንድተው ሲወጡ አብሯቸው ይለቀቃል። ፀረ እንግዳ አካል ሲያከሽፈው ወደ አዲስ ሕዋስ መግባታቸው ይቀንሳል። ይህ ልጓም ነው። የተገታ ፈረስ አይሞትም፤ ልጓሙ ሲላላ ይጋልባል።

ስሙንም ካነሣን፣ «ፋል» የመጣው ፋልሲፓረም ከሚለው የተውሳኩ ሳይንሳዊ ስም ነው። በላቲን ፋልክስ ማጭድ፣ ፓሬሬ መውለድ ነው፤ «ማጭድ ወላጅ» እንደማለት። በማይክሮስኮፕ ማጭድ የሚመስል የዕድገት ደረጃ ስላለው ነው። «ስታቲን» ደግሞ መቆም ከሚል የግሪክ ሥር ይመጣል። ከጥያቄዎ ወጣሁ መሰለኝ።

«ገቺ»ን ሰው አፍ ላይ እምብዛም አልሰማሁትም። ቢሆንም እመርጠዋለሁ። «የወባን ሥርጭት መግታት» ሲባል የማይገባው የለም፤ ከግሱ ወደ ስሙ አንድ እርምጃ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ «ኢንሂቢት ያደርገዋል» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ጆሮዬን ይከረክረዋል። ግን ኢንዛይምን ያለ ክርክር ውጠነው የለ? ይሄም መዋጡ አይቀርም። ጅማ ገበያ ያለችው እናት እንደሆነች ወባን በኦሮምኛ «ቡሳ» ብላ ጨርሳለች።

ማስታወሻዎ ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹን በራሱ ገቺዎች ይቆጣጠራል።» ፈተና ላይ «ኢንሂቢተር» ብሎ የጻፈውን ልጅ ግን ማርክ አይቀንሱበት።