«መሊኪ» ብሎ የቀራው ኢማም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ እህቴ። ተራዊሕ (የረመዳን ሌሊት ሶላት) ያሰገዳችሁ ሱዳናዊ እንግዳ የቁርኣን መክፈቻ በሆነችው ፋቲሓ ላይ «ማሊኪ የውሚዲን» (የፍርዱ ቀን ባለቤት) በማለት ፈንታ «መሊኪ» (ንጉሥ) ብሎ ስለቀራ ሶላታችን ተበላሸ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልተበላሸም። ሰውየውም አልተሳሳተም።

እኔም ይህችኑ ቃል የተማርኩት ሶላት ላይ ነው። ካርቱም በምሠራበት ጊዜ አንድ ሰፈር መስጂድ መግሪብ ለመስገድ ገባሁ። ኢማሙ «መሊኪ» አለ። የተሳሳተ መስሎኝ ከኋላ ጮክ ብዬ «ማሊኪ» አልኩ። ዝም ብሎ ቀጠለ። ሁለተኛው ረከዓ ላይም ደገመው፤ እኔም ደገምኩ። ካሰላመትን በኋላ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ መደርደሪያው ወሰዱኝ። ሙስሐፍ (የቁርኣን ቅጂ) አውርደው ፋቲሓን ገለጡልኝና ጣታቸውን የቃሏ መጀመሪያ ፊደል ሚም ላይ አሳረፉ። ያለባት ፈትሓ፣ አጭሯ የአናባቢ ምልክት፣ ብቻ ናት። እኛ ሙስሐፍ ላይ ያለችው፣ ድምፁን የምታስረዝመው ትንሿ አሊፍ የለችም። «ልጄ፣ ይሄ ዱሪ ነው። አንተ የምትቀራው ሐፍስ ነው» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ለውሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ይዤ ስቀራ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከሐፍስ ሌላ ንባብ እንዳለ ግን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን የተጻፉት ሙስሐፎች የአናባቢ ምልክት አልነበራቸውም። ቃሏ የተጻፈችው ሚም፣ ላም፣ ካፍ ተብላ ነው። ሁለቱንም ንባብ ትሸከማለች። ይህ ማለት ግን ሰው ደስ እንዳለው ያነባል ማለት አይደለም። ቂርአት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከኡስታዝ ወደ ደረሳ፣ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ የተያያዘ ነው። ዑለማዎች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ሰነዱ (የአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት) የጸና፣ ከዑስማን ጽሑፍ ጋር የሚገጥም፣ ከዐረብኛ ሕግ የማይወጣ። በ324 ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሙጃሂድ ሰባት ቃሪዎችን ለይተው አስቀመጡ። በኋላ ኢብኑል ጀዘሪ ሦስቱን ጨምረው አሥር አድርገው አብራሩ። ከሰባቱ «ማሊኪ» ብለው የሚቀሩት ዓሲምና ኪሳኢ ናቸው። የቀሩት አምስቱ የእናንተ እንግዳ እንዳለው «መሊኪ» ይላሉ!

ሐፍስ የዓሲም ተማሪ ነው። በ1924 ካይሮ ላይ የታተመው ሙስሐፍ በሐፍስ ስለነበር እሱ በዓለም ላይ ይበልጥ ተስፋፋ። ሞሮኮና አልጄሪያ ወርሽ የተባለውን ንባብ ይቀራሉ፣ ሊቢያ ቃሉን የተባለውን፣ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከአምስቱ የአንዱን፣ የአቡ ዐምርን ንባብ ያስተላለፈው ዱሪ ብዙ ሰው አለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዱን ከሌላው እየቀነጨብሽ አትቀላቅዪ። አል-በቀራ 37ኛው አያ ላይ በሐፍስ «ኣደም ከጌታው ቃላትን ተቀበለ» ነው። ከሰባቱ ቃሪዎች አንዱ በሆኑት በኢብኑ ከሲር ንባብ «ቃላት ለኣደም ደረሱት» ነው። የአንዱን «ኣደሙ» ከሌላው «ከሊማቱን» ጋር ካጣመርሽ ሁለቱም የድርጊቱ ባለቤት ይሆናሉና ማን ምን እንደተቀበለ አይታወቅም፤ ትርጉሙ ይፈርሳል።

የትኛውን ልያዝ ላልሽው፣ ሐፍስን ያዢ። ኡስታዝሽም ሙስሐፍሽም እሱ ነውና። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአንድ ድምፅ ነው የምንላቸው። «አልሐምዱ» ስንል ሐው ከጉሮሮ መሐል መውጣት ሲገባው በቀላሉ «ሀ» ይሆንብናል። ዐይን የምትባለው የዐረብኛ ፊደልም እንዲሁ አሊፍ ትሆንብናለች። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ እነዚህ ላይ አይቸገሩም፤ ቋንቋቸው ጠብቆላቸዋል። ቃፍ ደግሞ «ቀ» አይደለችም። የኛ ቀ ፈንድታ ትወጣለች። ቃፍ ከምላስ ሥር፣ ከጥልቁ ነው፤ ፍንዳታ የላትም። ጧእና ሷድም ከጠና ከጸ ጋር እንዲሁ ናቸው። ኡስታዜ «ኢህዲነ ሲራጠል» ላይ ብቻ ሦስት ቀን አቆዩኝ። እጄን ጉሮሮዬ ላይ አስደርገው ያስደግሙኝ ነበር።

ፊደል በፊደል የሚለወጥበት ስሕተት ለሕን ጀሊይ ይባላል፤ ግልጽ ስሕተት ነው። ጉንና (የአፍንጫ ድምፅ) አሳጠርኩ፣ መድ (የድምፅ ማስረዘም) አጎደልኩ የሚለው ለሕን ኸፊይ፣ ስውር ስሕተት ነው። በመጀመሪያው ጀምሪ። ነገ ከዙህር በኋላ ፋቲሓን ለኡስታዝሽ አንዴ በዝግታ ቅሪላቸው፣ የሚያስቆሙሽ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ስልክ ላይ ቀድተሽ ማታ ከግብፃዊው ቃሪ ከሑሰሪ ንባብ ጋር አስተያዪው። እሳቸው በሐፍስም በወርሽም በዱሪም ቀርተዋል፤ «መሊኪ»ንም ከዚያው ትሰሚያታለሽ።