«ሒሳብ ስለምወድ» ይበቃል ወይ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመምህርነት ነገር ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ግቢ የሒሳብ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ስሞላ «ለምን የሒሳብ መምህር መሆን ፈለግህ?» ይላል። «ሒሳብ ስለምወድ» ብዬ ቀረሁ። ምን ልጨምር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ መውደድህ ጥሩ ነው። ግን ሒሳብ የሚወድ ሰው ባንክም ይገባል። እስቲ ልጠይቅህ። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደመረ። እጅህ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ከሮጠ ቆይ። ልጁ ዝም ብሎ አልገመተም። ትናንት ቲቸር ከሰጡት ሁለት ጥያቄ አንዱን አገኘ፣ ዛሬ ከሦስት አንዱን። በድምሩ ከአምስት ሁለት! ለማርክ ከሆነ ልክ ነው። ክፍልፋይ ሲደመር ግን ግማሹም ሲሶውም የአንድ ዳቦ መሆን አለባቸው። «ግማሽ ዳቦ በልተህ ሲሶ ብጨምርልህ፣ የበላኸው ከግማሽ ያንሳል?» በለው። 2/5 ከግማሽ ማነሱን ራሱ ያየዋል። ከዚያ ዳቦውን ስድስት ቦታ ትቆርሳላችሁ፤ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ፣ አምስት ስድስተኛ። «ይሄ ልጅ ይህን ከየት አመጣው?» የሚል ጉጉት ካለህ ማመልከቻው ላይ እሱን ጻፍ። ስለ አገር ግንባታ የሚጻፈውን አንቀጽ ተወው፤ ሁሉም ይጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ በጥሩ ውጤት ተመርቆ «መምህር ነው የምሆነው» አለኝ። እንጀራ ይሆነዋል? ልከልክለው? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይከልክሉት እናቴ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አልዋሽዎትም። ብዙ የሒሳብ መምህር ከሥራ በኋላ ሰው ቤት ማስጠናት የሚሮጠው ለዚህ ነው። በፍላጎቱ አይጨቃጨቁ። ስለ ቤት ኪራዩ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ጥያቄ፦ ሃይስኩል እያለሁ ሒሳብ ድንጋይ ነበር የሚሆንብኝ። የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ነው። እኔ ማስተማር እችላለሁ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ብቻህን አይደለህም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንተ የት ጋ እንደጠፋብህ ታስታውሳለህ፤ ሁሌ የሚደፍን ልጅ ያንን ቦታ አያውቀውም። ብቻ «እኔም ሰነፍ ነበርኩ» እያልክ ተማሪ አታጽናና። ደስ ይላቸዋል፣ ግን አያጠኑም።

ጥያቄ፦ ሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። የማባዣ ሰንጠረዥ አንገሽግሿቸዋል። ምን ላድርግ? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ለአንድ ቀን ሰንጠረዡን ዝጊው። በውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባለውን አሳያቸው። 17 በ34 ይባዛ። በግራ በኩል 17ን እያጋመስሽ፣ ትርፉን እየጣልሽ ውረጂ፤ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል 34ን እጥፍ እጥፍ አድርጊ፤ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዢ። በቀኝ የቀሩትን 34 እና 544 ደምሪ፤ 578። ልጆቹ አስማት ይመስላቸዋል። ለምን እንደሚሠራ ግን ቀድመሽ አውቀሽ ግቢ፤ 17 ማለት 16 ሲደመር 1 ነው። አለዚያ አንዱ ይጠይቅሻል።