«ግራ ጎኔ ያመለጠኝ ቢሆንስ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከሜሪላንድ ነው። አገር ቤት እያለሁ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮልኝ ነበር። ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረው እጮኛዬ ስልክ ደውሎ «ይቅርብን» አለኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ አሜሪካ መጣሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን እንከባከባለሁ። አሁን በአጥቢያችን የሚያገለግል አንድ ሰው «ከቅዳሴ በኋላ ቡና እንጠጣ» ሲለኝ አራት ወሩ ነው። ጥሩ ሰው ይመስለኛል። ግን ግራ ጎኔ ያ የመጀመሪያው ቢሆንስ? ይህኛውስ የሌላ ሴት ድርሻ ቢሆን? እናቴ ደግሞ ዐይነ ጥላ ነው ትላለች። ቀለበት ስላሰርኩ ተክሊል ይቀርብኛል ወይ? ቀለበቱም እስካሁን ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ምን ላድርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ ሰው ሲተውም ሽማግሌ ይልካል። በስልክ «ይቅርብን» ብሎ መዝጋት ነውር ነው፤ ነውሩም የእሱ ነው። አንቺ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱን ነውር ተሸክመሽ ውቅያኖስ አቋርጠሻል።

«ግራ ጎኔ» ወደሚለው ልምጣ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ሴቱም ወንዱም ይሉኛል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን ጠቅሰው ነው የሚመጡት። ጥቅሱ ግን ስለ አዳም ነው የሚናገረው። እግዚአብሔር ከጎኑ አንዲት አጥንት ወስዶ ሔዋንን ሠራለት። አባቶች ከግራ ጎኑ ነው ይላሉ፤ መልካም። በዚያን ጊዜ አዳም አጠገብ ሌላ ሴት አልነበረችም። ልሳሳት ቢል እንኳ የሚሳሳትባት የለችም! ታሪኩ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ እንደሆኑ ሊነግረን ነው የተጻፈ። የእያንዳንዳችን አጥንት የሆነ ከተማ ውስጥ እየዞረ ነው፣ ካመለጠሽ አለቀልሽ የሚል ቃል አልተጻፈበትም።

ደግሞ አስቢው። አውሮፕላን ላይ አንድ ሰው የሌላውን ወንበር ቢይዝ ምን ይሆናል? ባለ ወንበሩ የሌላውን ይይዛል፣ ያም የሌላውን። እንዳልሽው ከሆነ ከአዳም ወዲህ አንድ ሰው ተሳስቶ ቢያገባ ዓለሙ ሁሉ የሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ባሏ ስለሞተባት ሴት ሲጽፍ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ለማግባት ነጻ ናት ይላል (1ቆሮ. 7፥39)። የወደደችውን! የተቀደሰ ጋብቻ የነበራት ሴት እንዲህ ከተባለች፣ ቀለበት ብቻ የነበረሽ አንቺ በምን ሕግ ትታሰሪያለሽ?

ይህ አባባል ሌላም ጉዳት አለው። ለአታላይ ይመቻል። «ሕልም አየሁ፣ ግራ ጎኔ አንቺ ነሽ ተባልኩ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ «ለእኔ አልተነገረኝም» በዪውና ወደ ሥራሽ ሂጂ። እንዲህ የሚል ሰው ሽማግሌም ጥያቄም አይወድም።

አሁን መጽሐፈ ሩትን አንብቢ። አራት ምዕራፍ ናት፣ በአንድ የባቡር መንገድ ታልቃለች። ሩት ባሏ ሞቶባት ያዘነች ናት፣ ሰው አገር የመጣች ናት፣ ጎንበስ ብላ ቃርሚያ እየለቀመች አማቷን የምታበላ ናት። የእርሻው ባለቤት፣ በኋላም ያገባት ቦዔዝ፣ ያመሰገናት ስለ መልኳ አይደለም፤ ለአማትሽ ያደረግሽው ሁሉ ተነገረኝ ነው ያላት (2፥11)። ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ብዙ ሰባኪ ዘሎት የሚሄድ ነገር አለ። ከቦዔዝ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ ነበረ። የሟች ባሏን ቤተሰብ መሬት ትገዛለህ ወይ ሲባል እሺ አለ። ሩትንም ማግባት እንዳለበት ሲሰማ ግን «አልችልም» ብሎ፣ መተዉን ለማሳየት በዘመኑ ልማድ ጫማውን አወለቀ። እንግዲህ ሩትንም የተዋት ሰው አለ! ስሙን መጽሐፉ አልጻፈውም። የሩት ስም ግን ማቴዎስ ወንጌል ላይ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ አለ።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ቦዔዝ አሥር ሽማግሌዎች በከተማው በር አስቀምጧል። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። አገር ቤት ዘመድ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እናንተ ጋ ግን አንድ ቤት እንኳ የማይቆጠርበት ጊዜ አለ። ሰውየው አገር ቤት ሚስት ይኑረው፣ ልጅ ይኑረው፣ ወይ የሚፈልገው መኖሪያ ፈቃድ ይሁን፣ የሚያጣራ የለም። ነጠላ ለብሶ ማገልገሉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን የምለው እኔም ነጠላ ለብሼ የማገለግል ሰው ሆኜ ነው። የንስሐ አባቱ ማን ናቸው? አብረውት የኖሩ ምን ይላሉ? ጠይቂ፣ አስጠይቂ። ጥሩ ሰው ከሆነ አይከፋውም። አንቺም ራስሽን ጠይቂ። የሠርግ ፎቶ ልከሽ የቀድሞ እጮኛሽን ለማናደድ ከሆነ፣ እልህ ሠርግ ይደግሳል እንጂ ትዳር አያኖርም።

እናትሽ ስላሉት አጭር ልበል። ርኩስ መንፈስ የለም አልልሽም፤ መጽሐፈ ጦቢት ርኩስ መንፈስ ባሎቿን የገደለባትን የራጉኤልን ልጅ የሣራን ታሪክ ይነግረናል። ጠበሉንም ጠጪ፣ ተጠመቂ። ግን ሰው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ዐይነ ጥላ አንበል። እንዲያ ከሆነ ጠበሉ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ቀለበት ማሰርሽ ተክሊል አይከለክልሽም። ሥርዓተ ተክሊል ድንግልናን የሚመለከት ነው። ከቀለበት ያለፈ ነገር ካለ የሚነገረው ለንስሐ አባትሽ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ቢኖርም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን የምታጋባበት ሥርዓት አላት፤ በር አልተዘጋም።

ቀለበቱን መጀመሪያ በመጣው ሽማግሌ በኩል ለቤተሰቡ መልሺ። ደብዳቤ አትጨምሪበት። ቡና እንጠጣ ላለሽ ሰው ደግሞ በዚህ እሑድ እሺም ሆነ አይሆንም፣ መልሱን ስጪው። አራት ወር ሙሉ ቡናው በርዶበታል።