ቦውል ድሮና ዘንድሮ፦ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ኮሌጅ ፉትቦል ማለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ኳሷ በእጅ የምትያዝበት። የምኖረው ኮለምበስ ኦሃዮ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። እዚህ ከተማ በመከር ወራት ቅዳሜ ቀን ሰርግ ብትደግሱ፣ የተጠራው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ጨዋታ አለ እንዴ?» ብሎ ነው። የኛም ልጆች እንደዚያው ሆነዋል። ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጾመ ነቢያት ላይ ሆነን፣ ሽሮው እየተንተከተከ ቤቱ በቦውልና በፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ክርክር ይሞላል። ወላጆች ግራ ሲገባቸው ስላየሁ «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ቀኑም ዓመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ የማውቀው የኛን እግር ኳስ ነው። «ቦውል» ምንድን ነው? ዋንጫ ነው ወይስ ሜዳ?

ቃሉ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው። በ1914 የየል ዩኒቨርሲቲ እንደ ሳህን የጎደጎደ ስታዲየም ሠራና «የል ቦውል» ተባለ። በ1922 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ውስጥ የተሠራው ስታዲየም ስሙን ከዚያ ወስዶ «ሮዝ ቦውል» ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙ ከሜዳው ወደ ጨዋታው ተሻገረ።

ጨዋታው ራሱ ግን ከስታዲየሙ ይቀድማል። ፓሳዴናዎች በየአዲስ ዓመቱ የአበባ ሰልፍ ነበራቸው። በ1902 እንግዳ ለመሳብ ብለው ጨዋታ ጨመሩበት። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው ሳያልቅ ስታንፎርዶች «በቃን» አሉ። አዘጋጆቹ በጣም ከመደንገጣቸው የተነሳ ጨዋታው የተመለሰው በ1916 ነው።

ሌሎች ሞቃት ከተሞችም ነገሩ ገባቸው። ሰሜኑ በበረዶ ሲያዝ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይመጣል፣ ሆቴሉ ይሞላል። በ1935 ማያሚ የብርቱካን (ኦሬንጅ)፣ ኒው ኦርሊንስ የስኳር ቦውል ጀመሩ። በ1937 ዳላስ የጥጥ (ኮተን) ቦውል ጨመረች። የጅማ ቡና ዋንጫ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ዋንጫ እንደማለት አድርገህ አስበው። አንድ ቡድን ዓመቱን ጥሩ ከተጫወተ ይጋበዛል። ግብዣው ራሱ ሽልማት ነው። ድሮ በቦውሉ የሚወድቅም የሚያልፍም አልነበረም።

ከሲያትል፦ ድሮ የቦውል ውጤት ለሻምፒዮንነት አይቆጠርም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሻምፒዮኑ የሚታወቀው በድምፅ ነበር። የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ከ1936 ጀምሮ ደረጃ ያወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጡት ቦውሎቹ ሳይደረጉ ነበር። ይህ ለዘለቄታው የተቀየረው በ1968 ነው። አሰልጣኞችም የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ የነሱ ደግሞ እስከ 1974 ቆየ። በ1973 አሰልጣኞቹ አላባማን ሻምፒዮን ብለው ጨረሱ። ከዚያ አላባማ በስኳር ቦውል በኖትርዳም 24 ለ 23 ተሸነፈ። የአሰልጣኞቹ ዘውድ ግን ከራሱ ላይ አልወረደም።

ኖትርዳምማ ከ1925 በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ቦውል የሚባል ነገር አልተጫወተም። በራሱ ፈቃድ። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

ከዳላስ፦ ታዲያ ጥሎ ማለፍ ከየት መጣ?

ከጭቅጭቅ። በ1997 ሚሺጋንና ኔብራስካ ሁለቱም ሳይሸነፉ ጨረሱ። አንዱ ከጋዜጠኞች፣ አንዱ ከአሰልጣኞች ዘውድ ወሰዱ። እርስ በርስ ግን አልተገናኙም። በ1998 አንደኛውንና ሁለተኛውን የሚያገናኝ ሥርዓት መጣ። እሱም አልበቃም። በ2004 ኦበርን አንድም ሳይሸነፍ ከፍጻሜው ውጭ ቀረ። በ2014 አራት ቡድን የሚገባበት ፕሌይኦፍ ተጀመረ። በ2024 ቁጥሩ 12 ሆነ። አሁን ስድስቱ ትልልቅ ቦውሎች የሩብና የግማሽ ፍጻሜ ማስተናገጃ ናቸው።

ከአትላንታ፣ አንዲት እናት፦ ወንድሜ፣ ተጫዋቾቹ የቦውል ጨዋታ «አልጫወትም» ብለው ይቀራሉ ይባላል። ጓደኛን ጥሎ መሄድ አይሆንም? ልጄ እንደዚህ እንዲያስብ አልፈልግም።

እህቴ፣ መጀመሪያ እኔም እንደ አንቺ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ልጅ ነው።

ጃይለን ስሚዝ ይባላል። የኖትርዳም ተከላካይ ነበር፤ አጥቂ ቡድኖች መንገዱን የሚዞሩበት ዓይነት። ሚያዝያ ላይ የፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጥበት ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ እንደሚጠራ ብዙ ሰው ይገምት ነበር። ይህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የቤተሰብ ሕይወት የሚቀይር ገንዘብ። ጥር 1 ቀን 2016 አሪዞና ላይ በፊየስታ ቦውል ከኛው ኦሃዮ ስቴት ጋር ተጫወተ። የሻምፒዮንነት ዋንጫ የሌለበት ጨዋታ ነው። ገና በመጀመሪያው ሩብ ተገፈተረና ግራ እግሩ ጉልበቱ ላይ ተጣመመ። ጅማቱ ተበጠሰ፣ ነርቩም ተጎዳ። እኔ በቡድኔ ደስ ብሎኝ ቆሜ እያጨበጨብኩ ነበር። ልጁ ጉልበቱን ይዞ ሲንከባለል ሳይ ቁጭ አልኩ።

በምርጫው 34ኛ ሆኖ ተጠራ። ሙሉ ዓመት ሳይጫወት ቆየ። ጎበዝ ነው፣ ተመልሶ ጥሩ ተጫዋች ሆኗል። ያጣው ግን አልተመለሰለትም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሁለት ኮከቦች፣ የሉዊዚያና ስቴቱ (ኤልኤስዩ) ሊዮናርድ ፎርኔትና የስታንፎርዱ ክርስቲያን ማካፍሪ፣ ቦውሉ ይቅርብን አሉ። ብዙ ተወቀሱ። ሚያዝያ ላይ ግን አንዱ 4ኛ፣ አንዱ 8ኛ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተ። ልጅሽን «ጓደኛህን አትክዳ» ማለትሽ ትክክል ነው። ግን አሰልጣኙ ራሱ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ከቦውሉ በፊት ጥሎ ይሄዳል። ልጁን ብቻ መውቀስ አይከብድም?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቦውል መቼ ነው እንደ ወዳጅነት ጨዋታ መታየት የጀመረው?

ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ፍጥጥ ብሎ የወጣበት ቀን ግን ለኔ ታኅሣሥ 30 ቀን 2023 ነው።

ፍሎሪዳ ስቴት በዚያ ዓመት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። የኮንፈረንሱ (ቡድኖቹ የተመደቡበት ሊግ) ሻምፒዮን ነው። ኅዳር ላይ ግን ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪውና የጨዋታው መሪ) ጆርዳን ትራቪስ እግሩን ተሰበረ። የፕሌይኦፉ መራጭ ኮሚቴ የሚገቡትን አራቱን ሲያሳውቅ ፍሎሪዳ ስቴት አምስተኛ ሆነ። ያለ ትራቪስ ቡድኑ ያው አይደለም ነው ምክንያቱ። በፕሌይኦፍ ዘመን ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኖ የተተወ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ትራቪስ፣ እግሬ ቀደም ብሎ ቢሰበር ኖሮ ቡድኑ ያለኔም እንደሚያሸንፍ ታዩ ነበር ብሎ ጻፈ። እስቲ አስቡት፣ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ በገዛ እግሩ መሰበር ይቅርታ የሚጠይቅ ሲመስል።

ከዚያ «ኦሬንጅ ቦውል ተጫወቱ» ተባሉ። ኦሬንጅ ቦውል! ድሮ ልጅ በሕልሙ የሚያየው። ከሃያ በላይ ተጫዋቾች አልተሰለፉም። ገሚሱ ለኤንኤፍኤል ራሱን ያተርፋል፣ ገሚሱ ሌላ ትምህርት ቤት ለመሄድ ተመዝግቧል፣ ገሚሱ ተጎድቷል። ጆርጂያ 63 ለ 3 አሸነፈ። ስታዲየሙ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው። የጨዋታው ነፍስ ግን ወጥታለች።

ያው ሰው፦ ገንዘቡም አለበት አይደል?

አለበት። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ሲቀይር አንድ ዓመት መቀመጡ ቀረ። የመዛወሪያው ጊዜ ደግሞ በቦውሎቹና በፕሌይኦፉ ሰሞን ይመጣል። ከ2025 ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ተጫዋቾቹ ሊከፈላቸው ይገባል፣ በዚህ አልከራከርም። የቀን መቁጠሪያው ግን ጅል ነው። ሰው ሥራ እየቀየረ የአሮጌ መሥሪያ ቤቱን የስንብት ድግስ እንዲያደምቅ አይጠበቅም።

ከሚኒያፖሊስ፦ ኖትርዳም በ2025 ቦውል እምቢ ያለው ኩርፊያ ነው?

ኩርፊያም አለበት። 10 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ከ12ቱ ውጭ ቀረ። በኦርላንዶ ቦውል እንዲጫወት ሲታሰብ «አንጫወትም» አለ። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው። ድሮ እምቢ ሲል ቦውል ከትምህርትና ከክብሩ ጋር አልሄድለት ብሎ ነበር። አሁን እምቢ ያለው ከፕሌይኦፍ ውጭ ያለው ጨዋታ ስላነሰበት ነው። እኔ አልወደድኩለትም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አሉ፣ ያቺ ማልያ ዳግመኛ የማይለብሷት።

ከቶሮንቶ፣ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ትንንሾቹ ቦውሎች ለምን አይዘጉም? ከአርባ በላይ ናቸው እኮ!

አይዘጉ የኔ ልጅ! አንደኛ፣ ቴሌቪዥን ይፈልጋቸዋል። የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን ብዙዎቹን ራሱ ነው የሚያዘጋጃቸው። በበዓል ሰሞን ሰው ቤቱ ነው፣ ይከፍትና ያያል። ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ ተጨማሪ የልምምድ ሳምንታት ያገኛል፤ ለአንደኛ ዓመት ልጆች ወርቅ ነው።

ሦስተኛው ግን ልጆቹ ናቸው። ኦርላንዶ ላይ በብስኩት ስም የተጠራ ቦውል አለ፤ አሸናፊው መጨረሻ ላይ ብስኩት ሆኖ የተጋገረውን ገጸ ባሕርይ እየቆረሰ ይበላል። ሻርሎት ላይ ደግሞ ያሸነፈው አሰልጣኝ ራስ ላይ ማዮኔዝ ይደፋበታል፤ በባልዲ። አባቶቻችን ቢያዩ ያማትቡ ነበር። ግን ፊታቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚያ ልጆች ደስ ብሏቸዋል። አብዛኞቹ ኤንኤፍኤልን አያዩትም። ሰኞ ሥራ ፍለጋ የሚጀምሩ ልጆች ናቸው። ለነሱ ይሄ ጨዋታ ፍጻሜያቸው ነው።

ከዚሁ ከኮለምበስ፦ 12 ቡድን መሆኑ የመደበኛውን ጨዋታ ዋጋ አላወረደም? በባላንጣችን በሚሺጋን ተሸንፈን ሻምፒዮን መሆናችን ራሱ ያሳፍራል የሚሉ አሉ።

አገሬ፣ ቁስሌን ነካኸው። ኅዳር 30 ቀን 2024፣ በሜዳችን፣ 13 ለ 10። ያን ቀን ከተማው ለቅሶ ቤት ነበር። በድሮው ሥርዓት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በአዲሱ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ዙር ቴነሲን እዚሁ አመጣልን። ቦውል ሳይሆን በራሳችን ግቢ፣ በታኅሣሥ ብርድ። እኔ ሁለት ካልሲና ጋቢ ደርቤ ገብቻለሁ። የቴነሲ ሰዎች ብርቱካናማ ለብሰው በጎርፍ መጥተው ነበር። 42 ለ 17። ከዚያ ኦሬገንን በሮዝ ቦውል፣ ቴክሳስን በኮተን ቦውል፣ ኖትርዳምን አትላንታ ላይ አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን።

አዎ፣ የሚሺጋን ጨዋታ ዋጋው ቀንሷል። አልዋሽም። በአንጻሩ ኢንዲያናን ተመልከት። በታሪኩ ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነው። በ2024 በአሥረኛ ደረጃ 12ቱ ውስጥ ገባና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። በአራቱ ዘመን ያቺንም በር አያያትም ነበር። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ሮዝ ቦውል ላይ አላባማን 38 ለ 3 ደቆሰ፣ ጥር 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ 16 ተጫውቶ 16ቱንም ድል አድርጎ ሻምፒዮን ሆነ። ለኔ ይሄ ልውውጥ ይበቃኛል። ሜዳ ላይ የሚወሰን ነገር በኮሚቴ ክፍል ከሚወሰን ይሻላል።

የሚያሳዝነኝ ሮዝ ቦውል ነው። ብዙ ዓመት በካሊፎርኒያ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይጀምር ነበር። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ፀሐይዋ ትጠልቅና የሳን ገብርኤል ተራሮች ሐምራዊ ይሆናሉ። ለ2026ቱ ቀጣዩን ጨዋታ እንዳያዘገይ ተብሎ በአንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲጀምር ተደረገ። በሩብ ፍጻሜ ተራ የሚጠብቅ ጨዋታ ሆነ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ሌላ ሰው፦ ምንም የማያውቅ ሰው አንድ የድሮ ጨዋታ ብቻ ይይ ቢባል የቱን ትመርጣለህ?

ጥር 1 ቀን 2007፣ ፊየስታ ቦውል፣ ቦይሲ ስቴት ከኦክላሆማ። የሻምፒዮንነት ዋንጫ የለበትም። ቦይሲ ከአይዳሆ የመጣ፣ ሳይሸነፍ ቢጨርስም ማንም ከትልልቆቹ ያልቆጠረው ቡድን ነው። ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ኦክላሆማ በ7 ነጥብ ይመራ ነበር፣ ቦይሲዎች ኳሷን እየተቀባበሉ ሮጠው አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኦክላሆማ ቀድሞ አገባ። ቦይሲም መለሰ፤ አንድ ነጥብ ግን ቀረው። በአንድ ነጥብ ምት አቻ መሆን ሲችሉ፣ ሁለት ነጥብ ወስደው ለማሸነፍ ሞከሩ። ኳርተርባኩ በቀኝ እጁ የሚወረውር መሰለ፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ኳሷን በግራው ከጀርባው ለሯጩ ኢያን ጆንሰን ሰጣት። ጆንሰን ብቻውን ሮጦ ገባ። 43 ለ 42።

ቪዲዮውን እዚያ ላይ እንዳትዘጉት። ጆንሰን ጨዋታው ካለቀ በኋላ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ መሃል ተንበርክኮ የቡድኑን ደጋፊ ጨፋሪ «ታገቢኛለሽ?» አላት። እሺ አለችው።