ከዋርድ የመጡ ጥያቄዎች፦ ለነርሲንግ ተማሪዎች

ክሊኒካል አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ላይ ካሉ ተማሪዎች የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ላይ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት) ከመለካትና ናሙና ላቦራቶሪ ከማድረስ ሌላ ሥራ አይሰጠኝም። ምን ላድርግ?

ሥራ የበዛባት ነርስ «ምን ልሥራ?» የሚላትን ተማሪ መላኳ አይቀርም። ጥያቄህን ጠበብ አድርገው። ጠዋት ርክክቡ ላይ ቆመህ አድምጥ፤ ለማን ካቴተር (የሽንት ቱቦ) እንደሚገባ፣ የማን ቁስል እንደሚታጠብ ለይ። ከዚያ «ሲስተር፣ የአልጋ 7ን ድሬሲንግ ዛሬ እኔ ልሥራው፤ እርስዎ ከጎኔ ይቁሙልኝ» በል። ዕቃውን አዘጋጅተህ ከጠበቅካት አብዛኛውን ጊዜ እሺ ትላለች።

ቫይታል ሳይንን ግን አትናቀው። የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ተብሎ የተሞላ ቻርት ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም፤ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። የልብ ምቱን ቆጥረህ ስትጨርስ ጣትህን ከእጁ አንጓ ሳታነሳ ደረቱን እያየህ 1 ሙሉ ደቂቃ ቁጠር። ትንፋሹን እየቆጠርክ እንደሆነ ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። ሕመሙ እየባሰ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ሳይወርድ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይህን ቀድሞ የሚያየው የቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

እኔ የለካሁት የደም ግፊት ኢንስትራክተሬ ከለካችው ይለያል። ስህተቱ የት ነው?

ክንድ ላይ ከሚታሰረው ካፍ ጀምሪ። የሚነፋው ክፍል የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ገደማ መሸፈን አለበት፤ ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ካፍ ካሰርሽ ንባቡ ከፍ ይላል። ታካሚው 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ይሁን። ወደ ላይ የተጠቀለለ ሹራብ ክንድ ስለሚያንቅ አስወልቂው።

ከዚያ የአንጓውን ምት እየዳሰስሽ ንፊ። ምቱ ከጠፋበት ላይ 30 ጨምሪና በሰከንድ 2 እስከ 3 ሚሊሜትር እያወረድሽ አዳምጪ። ይህን የዘለለ ተማሪ ድምፁ መሃል ላይ ጠፍቶ የሚመለስበት ታካሚ ሲገጥመው የ180ን ግፊት 140 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቶሎ ከለቀቅሽውም የላይኛው ቁጥር ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ባለ ቀስት መለኪያ ይዘሽ ደግሞ 127 ብለሽ አትጻፊ፤ መስመሮቹ በ2 በ2 ናቸው፣ አንባቢው ይታዘብሻል።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ «1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ» ሲባል በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው?

የአይቪ ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) ማሸጊያ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ ተጽፏል። 20 ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ገደማ ይመጣል፤ በ15 ሰከንድ 10 ወይም 11 ጠብታ ማለት ነው። 1 ሚሊ ሊትሩ 60 ጠብታ በሆነ አይቪ ሴት ግን ስሌት አያስፈልግም፦ በሰዓት የታዘዘው ሚሊ ሊትር ራሱ የደቂቃው ጠብታ ነው።

ስሌቱ ትክክል ሆኖም ፍሰቱ ይዛባል። ታካሚው ክንዱን ሲያጥፍ ይቀንሳል፤ አስታማሚው «ቶሎ ይለቅ» ብሎ መቆጣጠሪያውን ሲከፍተው ደግሞ ይንዶለዶላል። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ በየ125 ሚሊ ሊትሩ (የ1 ሰዓቱ ድርሻ ነው) ሊደርስበት የሚገባውን ሰዓት ጻፍና ስታልፍ አስተያይ።

መርፌ ከወጋኝስ?

ጣትሽን አትጭመቂው፣ በረኪናም አታድርጊበት። ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ታጠቢ፣ ለዋርዱ ኃላፊና ለኢንስትራክተርሽ ንገሪ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልግሽ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይም 72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። «ይቆጡኛል» ብሎ መደበቅ እነዚያን ሰዓታት ያስበላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት (0፣ 1 እና 6 ወር) ግን ዋርድ ከመግባት በፊት የሚጀመር ነው። መርፌን መልሶ መክደን የተለመደ የመወጊያ መንገድ ስለሆነ ሳትከድኚ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣይው፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላም ይቀየር።

ታካሚው «ተማሪ አይንካኝ» ቢለኝስ?

መብቱ ነው። «እሺ አባባ» በልና ነርሷን ጥራ፤ ቆመህ ለማየትም አስፈቅድ።