መልስ፦ ለቶዮታ የምንከፍለው ለመኪናው ነው ወይስ ለስሙ?

«ተመሳሳይ አቅም ያለው ሌላ መኪና በርካሽ እየተገኘ ሰው ለምን አሮጌ ቶዮታ ላይ ይረባረባል? ስም ብቻ አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦

ስምም አለበት፤ ግን ባዶ ስም አይደለም። የእኛ አገር ገዢ ኮፈኑን ሳይከፍት በፊት «ነገ ብሸጠው ስንት ያወጣል?» ብሎ ያሰላል። ቀጥሎ መካኒኩን ያማክራል። መካኒኩ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ኮሮላ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ነው፤ ፍሪሲዮኑም የፊት መብራቱም ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ እንደማይጠፋ ያውቃል። ታዲያ ምን ብሎ ይመክረው? ይህን እምነት ማስታወቂያ አልገነባውም።

ስሙ ብቻውን የሚያወጣውን ዋጋ ማየት ከፈለግህ የካሊፎርኒያውን የፍሪሞንት ፋብሪካ ተመልከት። ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የቶዮታን ኮሮላና የጄኔራል ሞተርስን ጂኦ ፕሪዝም ጎን ለጎን ያመርት ነበር። ሁለቱ መኪኖች ከአርማቸውና ከጥቂት የውጭ ቅርጽ ልዩነት በቀር መንትያ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሆኖም ገዢው ለኮሮላ አብልጦ ይከፍል ነበር፤ ያገለገለው ሲሸጥም የፕሪዝሙ ዋጋ ቶሎ ይወርድ ነበር። ያው ሞተር፣ ያው ሠራተኛ!

ስሙ ግን ሁሉን አይችልም። «ጠንካራና ቆጣቢ» የሚል ስም ቅንጦት ፈላጊውን አይስብም፤ ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሌክሰስን በሌላ ስም ያወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ለረጅም ዓመት ልትይዘው ካሰብህ የመሸጫ ዋጋው ብዙም አያስጨንቅህ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ግን መለዋወጫው መኖሩን ራስህ ሄደህ አጣራ።