ፎርሙ ሲወጣ የተከፈተ የድንጋይ ቅስት

ጥያቄ፦ በእርሻዬ ዳር 3 ሜትር ስፋት ባለው የጎርፍ መውረጃ ላይ የመስኖ ውሃ የሚያሻግር ቅስት ሠራሁ። ፖን ዱ ጋር የተባለውን የሮማውያን የውሃ ማሻገሪያ ድልድይ አርአያ አድርጌ በተጠረበ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ገነባሁት፤ የቅስቱ ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ቅስቱ ሲሠራ ከሥር የደገፈውን የእንጨት ፎርም ሳወጣ አናቱ ጥቂት ወረደ፣ መካከል ላይ ያሉት መጋጠሚያዎችም ከሥር በኩል ተከፈቱ። የአናቱን ድንጋይ በትልቅ ልቀይረው ወይስ ክፍተቱን በሲሚንቶ ልሙላው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። በመጀመሪያ ፎርሙን ወደ ቦታው መልሰው ቅስቱን ያስደግፉ፤ እስከዚያው ድረስ ማንም ከሥሩ አይለፍ። ቀጥለው የቅስቱን ሁለት ጎኖች በጀርባቸው በኩል ይመልከቱ። በአናቱ ከሥር የተከፈተ ቅስት በጎኖቹ ከላይ በኩል ከተከፈተ፣ ቅስቱን የተሸከሙት የዳር ግድግዳዎች ወደ ውጭ ተገፍተዋል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ በመካከል የሚጨመር ድንጋይም ሆነ ሲሚንቶ ምልክቱን ከመሸፈን ያለፈ ጥቅም የለውም። የአናት ድንጋይ ቅስትን ይሸከማል የሚለው እምነት በሙያችን ውስጥም ሥር የሰደደ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ ከመግባቱ በቀር ከሌሎቹ ድንጋዮች የተለየ ሥራ የለውም።

ቅስት ክብደቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ ከፍታው ዝቅ ብሎ በተዘረጋ መጠን ደግሞ ወደ ጎን ያለው ግፊት ይበረታል። የእርስዎ ቅስት ግማሽ ክብ ቢሆን ኖሮ ከፍታው 1.5 ሜትር ይሆን ነበር፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ግን ያንኑ ጭነት ተሸክሞ ግድግዳውን ከሁለት እጥፍ በላይ ይገፋዋል። በደቡብ ፈረንሳይ በጋርዶን ወንዝ ላይ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ ቁመቱ 49 ሜትር የሚጠጋው ፖን ዱ ጋር፣ ቅስቶቹ ግማሽ ክብ ናቸው። ከዚህም በላይ ጎን ለጎን የቆሙት ቅስቶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በየምሰሶው ላይ ግፊቱ በአብዛኛው ይጣፋል፤ የተረፈውን የዳርና የዳር ዐለት ይቀበለዋል። እርስዎ የሠሩት ግን ጎረቤት የሌለው አንድ ቅስት ስለሆነ፣ ያንን ሥራ የዳር ግድግዳዎቹ ብቻቸውን መሥራት አለባቸው።

ስለዚህ ድንጋዮቹን ቁጥር ጽፈውባቸው፣ ከአናት ጀምረው በሁለቱም በኩል እኩል እያነሱ ያፍርሱ። የዳር ግድግዳዎቹን መሠረት እስከ ጠንካራ መሬት፣ ከተገኘም እስከ ዐለት ቆፍረው፣ ውፍረታቸውን ከ1 ሜትር ሳያሳንሱ እንደገና ይገንቡ፤ ከጀርባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በአፈር ሳይሆን በድንጋይ አጥብቀው ይሙሉት። የጎርፍ መውረጃው ከፍታ የሚፈቅድ ከሆነ ቅስቱን ግማሽ ክብ ያድርጉት፤ ይህም ድንጋዮቹን እንደገና መጥረብ ይጠይቃል። በክቡ መካከል ሚስማር መትተው ሲባጎ ያስሩ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሲባጎውን መስመር ካልተከተለ ደረቅ ድንጋይ በጠርዙ ብቻ ይነካካና ይሰበራል።

ፎርሙን በሽብልቅ ላይ ያቁሙት። ከማውረድዎ በፊት የቅስቱን ጎኖች ቢያንስ እስከ ግማሽ ከፍታው በሁለቱም በኩል እኩል በድንጋይ ይሙሉ፤ ከዚያ ሽብልቆቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላሉ፣ አንድ ሌሊት እያሳደሩ ያውርዱ። የጥቂት ሚሊ ሜትር መውረድ አያስደንግጥዎት፤ ደረቅ መጋጠሚያ ሲጠብቅ የሚያመጣው ነው። በፖን ዱ ጋር ምሰሶዎች ላይ ዛሬም ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት ድንጋዮች እንዲህ ያለውን የእንጨት ድጋፍና መወጣጫ ለመሸከም የተተዉ ናቸው። ድልድዩ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ሦስት የቅስት ረድፎች አሉት፤ የታችኛው ረድፍ ቅስቶች እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን ከቆሙ አራት ቀለበቶች የተሠሩ በመሆናቸውም፣ አንዱ ሲያልቅ ያንኑ ፎርም ወደ ጎን አዛውሮ ቀጣዩን መሥራት ይቻላል፤ እንጨት ለሚቆጥብ ሰው የሚያስቀና ዘዴ ነው።

«ያለ ሲሚንቶ» ያሉት ግን ለፖን ዱ ጋር ሁለት የታችኛ ረድፎች ብቻ ይሠራል። ውሃው የሚያልፍበት ሦስተኛው ረድፍ በትናንሽ ድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው፤ የቦዩ ውስጠኛ ክፍልም የተፈጨ ሸክላ በተቀላቀለበት ኖራ ተለስኗል። ስለዚህ ቅስትዎ ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ቦዩ ግን መለሰን አለበት፤ ልስኑንም ፎርሙ ወርዶ ቅስቱ መንቀሳቀሱን ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ ይሥሩት።